ለአንድ ስም ሁለት መልስ

ተረት አለኝ፤ የሚሰማ ጠጋ ይበል፣ የሚቸኩል መንገዱን ይቀጥል። ድሮ ድሮ፣ አራዊት ሁሉ ዲፕሎማ በሚወዱበት ዘመን፣ በአንድ ጫካ ውስጥ ኩሬዎች መድረቅ ጀመሩ። ንጉሡ አያ አንበሶ ተጨነቀና የውሃ ፍለጋ ኮሌጆች ይከፈቱ ብሎ አዘዘ። ተማሪ እንዳይራብም ለያንዳንዱ በቀን አንድ ቁና ሾላ ከጫካው ጎተራ እንዲሰጠው ፈቀደ። ደግ ንጉሥ ነበር፤ ችግሩ መቁጠር አይወድም።

አያ ዝንጀሮ ይህን እንደሰማ ገደል አፋፍ ላይ አንድ ኮሌጅ ከፈተ። ውሃ ፍለጋ ምኑም አይደለም፤ ሾላ ግን ነፍሱ ነው። ዓመት ሳይሞላ ሦስት መቶ ተማሪ መዘገበ። ማንን መዘገበ አትሉም? አምና የሞቱትን ጃርቶች መዘገበ፣ ኩይሳውን መዘገበ፣ የወደቀውን ዋርካ «የማታ ተማሪ» ብሎ መዘገበ። ለአንድ ጥቁር ድንጋይማ ጎበዝ ተማሪ ነው ብሎ ሁለት ቁና አስፈቀደለት። ዓይን አውጣ ማለት እሱ ነው።

ከሦስት መቶው ውስጥ በእግሯ የመጣች አንዲት ኤሊ ብቻ ነበረች። የነኤሊ ኩሬ ደርቆ ዘመዶቿ ጤዛ እየላሱ ነበር የሚውሉት። እናቷ ሂጂና ውሃ መፈለግ ተምረሽ ነይ ብላ ላከቻት፤ ሰባት ወር ተጉዛ ደረሰች። ኮሌጁ ያለው አስተማሪ አንድ ሽማግሌ ከርከሮ ነው። እሱም የቀረው ተማሪ የት ገባ ብሎ ሳይጠይቅ የመጣችዋን አስተማረ። አፈር ማሽተት አስተማራት፣ የዛፍ ሥር አካሄድ አስተማራት። የቀራት አንድ ትምህርት ነበር፤ እሱም ውሃው ስንት ክንድ ወርዶ እንደሚገኝ ማወቅ ነው። ያን የማያውቅ ቆፋሪ አፈር ተንዶበት እዚያው ይቀራል።

እንዲህ እንዲህ ሲል የጎተራው ሾላ ተሟጠጠ። አያ አንበሶ ተቆጣና አዋጅ አወጣ። እያንዳንዱ ኮሌጅ ስንት ተማሪ እንዳለውና ስንቱ በማጭበርበር ቀለብ እንደሚበላ ሪፖርት ያድርግ አለ። አጭበርባሪ የለብኝም የሚል ካለ ደግሞ ራሴ መጥቼ አያለሁ ብሎ ጨመረበት። አያ ዝንጀሮ መዝገቡን ከፍቶ አየ። የለም ቢል ንጉሡ ሊመጣ ነው፤ አለ ቢል ደግሞ ከየትኛው ጀምሮ ይቁጠር?

ተቆጣጣሪ ሆኖ የተላከው ጥንቸል ነበር። የተሾመው ጆሮው ረጅም ስለሆነ ነው፤ ሌላ ችሎታ የጠየቀው የለም። ገደሉ ማዶ ሲደርስ ግን እግሩ እምቢ አለ። ኮሌጁ ባለበት በኩል ነብር አለ ሲባል ሰምቷል። ስለዚህ መሻገር አያስፈልግም፣ ስማቸውን ጥሩልኝ፣ መልሳቸውን እዚህ ሆኜ እቆጥራለሁ አለ። ደንቡንም ተናገረ፤ ለአንድ ስም አንድ መልስ።

አያ ዝንጀሮ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ መጣራት ጀመረ። «ጃርት!» ሲል ገደሉ «ጃርት» ብሎ መለሰ። «ኩይሳ!» ሲል «ኩይሳ» ተባለ። ዋርካውም ተጠራ፣ ድንጋዩም ተጠራ፣ ሁሉም መለሱ። ጥንቸል ማዶ ሆኖ በጠጠር ይቆጥራል፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ተማሪ አይቼ አላውቅም እያለ ይደነቃል።

መጨረሻ ላይ «ኤሊ!» ተባለ። ገደሉ «ኤሊ» አለ። ኤሊ እስከዚያ ቀን ስሟ ተጠርቶ አያውቅምና በደስታ አንገቷን እስከ መጨረሻው አውጥታ «አለሁ!» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ገደሉ አላስተጋባውም። የጥንቸል ጆሮ ግን ለቀመው።

ጥንቸል ጠጠሩ ከእጁ አመለጠው። ለአንድ ስም ሁለት መልስ! ከሁለቱ አንዱ አጭበርባሪ ነው፣ መዝገቡ ይታይልኝ አለ። አያ ዝንጀሮ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ነገሩ ገባው፣ ከዚያማ ፊቱ ፈካ። መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ ኤሊ የሚል ስም አለን ጌታዬ፣ የመጀመሪያው መልስም ኤሊ ነው የሚለው፤ ሁለተኛው ግን «አለሁ» ነው፣ አለሁ የሚባል ተማሪ መዝግበን አናውቅም ሲል አስረዳ።

ኤሊ ግራ ገባት። አለሁ ስም አይደለም፣ እዚህ ነኝ ማለት ነው ብላ ለማስረዳት ሞከረች። ኧረ በእናታችሁ፣ አንዳችሁ ተሻገሩና ጀርባዬን ንኩት ብላ ለመነች። ጥንቸል ነብሩ ትዝ አለውና ያን ሁሉ ጆሮ ይዞ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

«ወይዘሮ አለሁ» አላት ከማዶ፣ «በሌላ ስም ቀለብ መብላት ነውር ነው። ኤሊ ስሟን በግልጽ ተናግራለች። እርስዎ ግን ማን እንደሆኑ እንኳ አልነገሩንም።»

ሪፖርቱ በዚያው ቀን ተጻፈ። የተመዘገበ ሦስት መቶ፣ የተገኘ ሦስት መቶ፣ አጭበርባሪ አንድ፣ ስሟ አለሁ። አያ አንበሶ ሁለት ጊዜ አነበበው። በራሱ ላይ የሚመሰክር እንዲህ ያለ ኮሌጅ ነው የምንፈልገው ብሎ የሦስት መቶውን ቀለብ እጥፍ አደረገ። አለሁ የምትባለው አጭበርባሪ በሌሎች ኮሌጆችም ተሰምታለች ተባለና በየዛፉ ላይ ተፈላጊ ተብላ ተለጠፈች። ከዚያ ወዲያ በጫካው ውስጥ ስሙ ሲጠራ አፉን የሚከፍት ተማሪ ጠፋ።

ከርከሮ የቀረቻትን አንድ ትምህርት ልጨርስላት ብሎ ደጅ ጠና። ካልተመዘገበ ተማሪ ጋር መነጋገር ክልክል ነው ተባለና አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። አያ ዝንጀሮ ራሱ ኤሊን እስከ በሩ ሸኛት። ክፉ አልነበረም፤ ጠግቧል፣ የጠገበ ደግሞ ያባብላል። ሾላውን እያላመጠ፣ «አይ እህቴ፣ ዝም ብትይ እኮ ምንም አልነበረም» አላት። «ለማንኛውም ኤሊ መዝገብ ላይ አለች። ሰኔ ላይ ትመረቃለች፣ ያውም በማዕረግ።»

ኤሊ የሰባት ወሩን መንገድ አየችው። አንድ እግሯን አነሳች፣ መልሳ አሳረፈችው። ማልቀስ አምሯት ነበር፤ ዘመዶቿ ጤዛ እየላሱ እንባ ማፍሰስ ነውር መሰላትና ዋጠችው።

«እንግዲያው አደራ፣ አያ ዝንጀሮ» አለች። «ኤሊ ስትመረቅ ወደ አገሬ ላክልኝ። እናቴ እየጠበቀቻት ነው።»