ኃላፊው በሚኒባስ ሲሄዱ

እናንተዬ፣ እንዲህ ያለ ጉድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ቦንጋ በተደረገ ስብሰባ ላይ፣ «ብቻውን በመኪና የሚንፈላሰስ ሁሉ ተጨማሪ ይክፈል! ያኔ የሕዝብ ማመላለሻ ይለምዳል» አሉ። መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። መኪና የለኝ፣ ምን ቸገረኝ?

በማግስቱ ጠዋት አርአያ ሊሆኑ መናኸሪያ ከች አሉ። ወደ ቢታ ገነት ከተማ የሚሄደው ሚኒባስ ጢም ብሏል። እኔ ጋቢና ነበርኩ። «ኖር!» ብዬ ወረድኩላቸው። ለወጉ ነው እንጂ፣ «በእግዜር፣ አትነሳ» ይሉኛል ብዬ ነበር። ሰውዬው ገብተው ቁጭ! ሚኒባሱም ጥሎኝ ሄደ።

አፌን ከፍቼ እንደቆምኩ የመሥሪያ ቤታችን ፒክአፕ ባዶውን ሲከተላቸው አየሁ። አስቆምኩት።

«ባዶህን ወዴት ነው?» አልኩት ሹፌሩን።

«ኃላፊው ሚኒባሱ ካልተመቻቸው ብዬ ነዋ።»

«እንግዲያው እኔንም ቢታ ገነት አድርሰኛ!»

ሹፌሩ ክው አለ። «ምን ነካዎት ጋሼ? የመንግሥት መኪና እኮ ሰው አይጭንም!»

ጭቃውን እያፈናጠረ ሄደ። ጋቢናው ውስጥ የኃላፊው ኮት ብቻውን ተንፈላስሶ ተቀምጧል።