ከረባቱና መሪው

ሾፌሩ፦ አይሆንም አልኩህ ጋሼ! ሥራ አስኪያጅ ከኋላ ነው የሚቀመጠው።

ባለከረባቱ፦ ልምምድ ነው እኮ! ከፊት ሆነህም ሥራ አስኪያጅ መሆን ትችላለህ።

ሾፌሩ፦ መሪ ይዤ እንዴት ነው የምቆጣው? እሳቸው ሲቆጡ ሁለት እጃቸው ሆዳቸው ላይ ነው። የእኔ እጅ ሥራ ይዟል።

ባለከረባቱ፦ መኪናዋ ቆማለች! ምን የያዘህ ሥራ አለ?

ሾፌሩ፦ መሪ ፊት ከተቀመጥኩ ሾፌር ነኝ። ሾፌር ደግሞ ደሞዝ አይጨምርም። ና፣ እንቀያየር።

[መኪናዋ ሳሙና ፋብሪካው ግቢ ውስጥ፣ ከሥራ አስኪያጁ መስኮት ሥር ቆማለች። ባለከረባቱ የፋብሪካው የመንግሥት ግንኙነት ኃላፊ ነው፤ ፈቃድ፣ ግብር፣ ጉምሩክ፣ አዲስ የወጣ መመሪያ፣ ብቻ መሥሪያ ቤት የሚያስኬድ ነገር ሁሉ የእሱ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ከአንገቱ ያላወለቀው ከረባት ስሙን አስረስቶ ራሱ ስም ሆኖለታል። ሾፌሩ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ባለከረባቱ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ «ደሞዝ ይጨመርልኝ» ሊል ነው። ልጁ በሚቀጥለው ወር ሩቅ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፤ የኪራዩና የመጓጓዣው ነገር እንቅልፍ ነስቶታል። ጠዋት ሚስቱ ኮሌታውን እያስተካከለች «ሳትጠይቅ እንዳትመጣ» ብላዋለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ቀስ ብላ ስትናገር ነው የምታስፈራው። አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።]

[ቦታ ይቀያየራሉ። ባለከረባቱ መሪው ፊት፣ ሾፌሩ ከኋላ። ሾፌሩ ሁለት እጁን ሆዱ ላይ ያጣምራል።]

ሾፌሩ፦ [ድምፁን አወፍሮ] ግባ!

ባለከረባቱ፦ ገብቻለሁ እኮ።

ሾፌሩ፦ መች አንኳኳህ?

ባለከረባቱ፦ [ዳሽቦርዱን ያንኳኳል] ይኸው። እንደምን አደሩ ጌታዬ?

ሾፌሩ፦ ፈጠን በል፣ ስብሰባ አለብኝ።

ባለከረባቱ፦ የመጣሁት፣ ጌታዬ፣ ስለ ደሞዜ...

ሾፌሩ፦ የለም!

ባለከረባቱ፦ ምኑ?

ሾፌሩ፦ ገንዘብ። ወደ ሥራህ ሂድ።

ባለከረባቱ፦ ቆይ እንጂ አንተ! ላስረዳ!

ሾፌሩ፦ «አንተ»? ሥራ አስኪያጅህን?

ባለከረባቱ፦ እሺ፣ ይቅርታ፣ እርስዎ። ጌታዬ፣ በእኔ ሙያ ደሞዝ ዝም ብሎ ከሰማይ አይወርድም፤ የሚወስነው ነገር አለ። አጥንቼዋለሁ። [ከደረት ኪሱ በአራት ቀለም የተሰመረበት ወረቀት ያወጣል] አንደኛ፣ ዘርፉ። ባንክ ያለው የእኔ ቢጤ የእኔን እጥፍ ያገኛል። ስልክ ድርጅት ያለው ሦስት እጥፍ። ነዳጅ የሚያስመጣው ጋ ያለውንማ አልነግርህም፣ ታዝናለህ።

ሾፌሩ፦ ለምን? የሚሄዱት ሌላ መንግሥት ጋ ነው?

ባለከረባቱ፦ ያው መንግሥት ነው።

ሾፌሩ፦ ደጅ የሚጠኑበት አግዳሚ ወንበርስ ይለያል?

ባለከረባቱ፦ ያው አግዳሚ ነው። የሚወዛወዘው የግራ እግሩ እንኳ ያው ነው።

ሾፌሩ፦ ታዲያ ሦስት እጥፉ የምን ነው?

ባለከረባቱ፦ የፍርሃት ነዋ! ስማኝ፣ የዚህ ሙያ ደሞዝ የሚሰፈረው ድርጅቱ በሚፈራው ልክ ነው። ባንክ በአንድ መመሪያ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ይፈራል፤ ስለሚፈራ ይከፍላል። ሳሙናን ግን ማን ይከለክላል?

ሾፌሩ፦ አሃ! ገባኝ። ገብተህ ልታስፈራራቸው ነው።

ባለከረባቱ፦ ማንን?

ሾፌሩ፦ ሥራ አስኪያጁን። «መንግሥት መታጠብ ሊከለክል ነው» በላቸው።

ባለከረባቱ፦ ወይ ጉዴ! ከማን ጋር ነው የተቀመጥኩት? ሁለተኛ፣ የሥራ ልምድ። አሥራ ሁለት ዓመት!

ሾፌሩ፦ [እንደ ሥራ አስኪያጅ] አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጭማሪ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?

ባለከረባቱ፦ አላውቅም።

ሾፌሩ፦ እንግዲያው በቅቶሃል ማለት ነው። ደህና ዋል።

[ባለከረባቱ የመጀመሪያው የሥራ ቀኑ ትዝ ይለዋል፤ የአጎቱን ጫማ ተውሶ፣ ለእግሩ ሰፍቶት ከፊቱ ወረቀት ጠቅጥቆበት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱን ኮሪደር ሲሄድ። ግድግዳው ያኔ አረንጓዴ ነበር። ዛሬ ሰማያዊ ሆኗል። በር የሚከፈተው ሲያንኳኩት ይመስለው ነበር።]

ባለከረባቱ፦ ሦስተኛ! ትምህርት። ሁለት ዲግሪ አለኝ።

ሾፌሩ፦ አግዳሚ ላይ ለመቀመጥ?

ባለከረባቱ፦ ለማንበብ! አንድ ደብዳቤ በእጄ ሲያልፍ ነጥብ አታመልጠኝም። ያላነበብኩት ነገር ላይ አልፈርምም። የሙያችን የመጀመሪያው ሕግ ነው።

ሾፌሩ፦ [ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ] እሱስ እውነት ነው።

ባለከረባቱ፦ አራተኛ፣ ውጤት። ዘንድሮ በማሸጊያ ፕላስቲክ ላይ ቀረጥ ሊወጣ ነበር። ወጣ?

ሾፌሩ፦ አልወጣም።

ባለከረባቱ፦ ይኸው! አምስት ደብዳቤ ጽፌበታለሁ። የእኛ ሙያ ትልቁ ውጤት ያልሆነ ነገር ነው።

ሾፌሩ፦ ላልሆነ ነገር ደሞዝ ይጨመራል?

ባለከረባቱ፦ እንዴታ!

ሾፌሩ፦ እንዲህማ ከሆነ እኔ ዘንድሮ ስንት ሰው አልገጨሁም መሰለህ! ከገበያው እስከ ጉምሩክ ብቻ ሃያ ሰው አልገጨሁም። አንዷ እንዲያውም ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ሁለት ትያዝልኝ።

ባለከረባቱ፦ ሰውዬ፣ የሰው ቀልብ አትግፈፍ! ሰዓቱ እየሄደ ነው። አምስተኛው ዋናው ነው፦ ጊዜ ማወቅ። የዘይት ማስገቢያው ፈቃድ ሦስት ወር ተኝቶ ተኝቶ በአንድ ማክሰኞ አልተፈረመም? የመምሪያው ኃላፊ ቢሯቸው የሚገኙት ማክሰኞ ጠዋት ብቻ ነው። ጸሐፊያቸው እንኳ አትናገርም። እኔ ግን ደረስኩበት።

ሾፌሩ፦ እንዴት ደረስክበት?

ባለከረባቱ፦ [ግራ ቀኝ አይቶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ] ይሄንን ለሥራ አስኪያጁም አልነግራቸው። እህትህ ናት።

ሾፌሩ፦ እህቴ?

ባለከረባቱ፦ ስሜት አላት። ተፈጥሮዋ ነው። ቁርስ ላይ ሻይ እየቀዳች «ዛሬ እንዲሁ ደስ ደስ ብሎኛል፤ ዛሬ ብትሄድ ይቀናሃል» አለችኝ። ሄድኩ፤ ተፈረመ! የግብሩ ጊዜም «ያ ደብዳቤህ የጎደለው ነገር ያለ ይመስለኛል፣ እስቲ አባሪውን እየው» አለች። ባየው፣ አባሪው ማኅተም የለውም! እንዲህ ያለች ሴት አይተህ ታውቃለህ?

ሾፌሩ፦ [ትን ይለዋል፣ ያስላል]

ባለከረባቱ፦ ምነው?

ሾፌሩ፦ የሳሙናው ብናኝ ነው። ለመሆኑ ስንት ይሁንልኝ ልትል ነው?

ባለከረባቱ፦ አሁን ሃያ አምስት ሺህ ነው የማገኘው። [ትንፋሹን ይሰበስባል] ሠላሳ ሁለት።

ሾፌሩ፦ [ሥራ አስኪያጅነቱን ረስቶ] ሠላሳ ሁለት? እንዴ ጋሼ፣ አታዋርደን እንጂ! ለዚህ ለዚህማ ምን ከረባት አስፈለገ? እኔ ባለፈው ወር ሠላሳ አምስት ይዤ ገባሁ።

[ባለከረባቱ በመስተዋቱ ውስጥ ያየዋል፤ ከኋላ፣ እጁን ሆዱ ላይ አጣምሮ የተቀመጠውን ሰው።]

ባለከረባቱ፦ አንተ? በየትኛው ዲግሪህ?

ሾፌሩ፦ በመጠበቅ። የፋብሪካው ደንብ እኮ ነው ጋሼ። መኪና ከግቢ ወጥታ የቆመችበት ሰዓት ሁሉ ለሾፌር የመጠበቂያ አበል ይታሰባል። አንተ ላይ ሆነህ በነጻ ትጠብቃለህ፤ እኔ ታች ሆኜ አንተን በክፍያ እጠብቃለሁ።

ባለከረባቱ፦ ውሸት! ማን ፈርሞ?

ሾፌሩ፦ አንተ። አርብ አርብ ፎርሙን አመጣልሃለሁ። «ያላነበቡት ነገር ላይ አይፈረምም» እያልክ እየመከርከኝ ትፈርምልኛለህ።

ባለከረባቱ፦ [ግንባሩን መሪው ላይ ያሳርፋል፤ የመኪናዋ ጥሩምባ ትጮሃለች፤ ደንግጦ ቀና ይላል]

ሾፌሩ፦ ቀስ! መስኮት ሥር ነን።

ባለከረባቱ፦ ይሄን ነገር እህትህ ታውቃለች?

ሾፌሩ፦ እህቴማ... ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ ተደብቆስ የት ይደረሳል? አትቆጣኝ። ማክሰኞውን ለእሷ የነገርኳት እኔ ነኝ። አባሪውንም።

ባለከረባቱ፦ አንተ ከየት አምጥተህ?

ሾፌሩ፦ የመምሪያ ኃላፊው ሾፌር ሁልጊዜ ከጎኔ ነው የሚያቆመው። የግብሩም፣ የጉምሩኩም ሾፌሮች እዚያው ናቸው። አንተ ላይ «ኃላፊው አሉ?» እያልክ ጸሐፊ ስታስቸግር እኛ ታች የት እንዳሉ እናውቃለን። ወስደን ያደረስናቸው እኛ ነና!

ባለከረባቱ፦ ለእኔ አትነግረኝም ነበር?

ሾፌሩ፦ ነግሬሃለሁ! በመጀመሪያው ሳምንት። «አንተ መሪህን ያዝ፤ ግንኙነት በጥናት ነው» አልከኝ። ኋላ ለእህቴ ነገርኳት። «ስሜት አስመስዬ ልንገረው፤ ስሜት ከሆነ ይሰማል» አለች።

ባለከረባቱ፦ ቆይ፣ ቆይ። በመጀመሪያው ሳምንት ካወቅህ ፈቃዱ ሦስት ወር ለምን ፈጀ?

ሾፌሩ፦ [የመቀመጫውን ጨርቅ እየፈተለ] የልጅቷ ኮምፒውተር ገንዘብ አልሞላማ።

ባለከረባቱ፦ የቱ ኮምፒውተር? ትምህርት ቤቱ የሸለማት?

ሾፌሩ፦ እሱ። ትምህርት ቤቱ እኔ ነኝ።

[ባለከረባቱ ልጁ ኮምፒውተሩን ደረቷ ላይ አስደግፋ ከበር የገባችበትን ቀን ያያል፤ እናቷ ፊቷን ወደ ልብስ መደርደሪያው አዙራ እንደነበርም አሁን ገና ትዝ ይለዋል።]

ባለከረባቱ፦ ለርእሰ መምህሩ የምስጋና ደብዳቤ ጽፌያለሁ እኮ።

ሾፌሩ፦ አውቃለሁ። አድርስ ብለህ የሰጠኸው ለእኔ አይደል? እስካሁን ዳሽቦርዱ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ አለ።

[ባለከረባቱ መሳቢያውን ይከፍታል። አለ። መልሶ ይዘጋዋል። ላይ የሥራ አስኪያጁ መስኮት ይከፈትና ጸሐፊያቸው በእጇ ትጠራዋለች። አራት ሰዓት ሆኗል። ከረባቱን ያጠብቃል። ወረቀቱን መሪው ላይ ትቶት ይወርዳል።]

ሾፌሩ፦ ጋሼ፣ ጥናቱን ረሳኸው!

ባለከረባቱ፦ አልረሳሁትም።

[ሩብ ሰዓት ያልፋል። ሾፌሩ ከኋላ ወንበር ሳይነሳ ጥፍሩን ይበላል። ባለከረባቱ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል፤ በሩን ከፍቶ መሪው ፊት ቁጭ ይላል።]

ሾፌሩ፦ እህስ?

ባለከረባቱ፦ ነገርኳቸው።

ሾፌሩ፦ ኮምፒውተሩንም?

ባለከረባቱ፦ እሱ የቤተሰብ ነው። ማክሰኞውን። አባሪውን። ጉዳይ የሚያስጨርሰው አንተ መሆንህን። እውነቱን ይዤ ካልገባሁ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ሾፌሩ፦ ምን አሉ?

ባለከረባቱ፦ ሁለት እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አደረጉ።

ሾፌሩ፦ አለቀልን!

ባለከረባቱ፦ «እንዲያ ከሆነ እሱ ያንተ ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ አንተ መንጃ ፈቃድ ካለህ መሪ ያዝ» አሉኝ። ሊያሳፍሩኝ ነው። መንጃ ፈቃዴ ግን ከከረባቱ ይቀድማል።

ሾፌሩ፦ ቆይ... እኔ? ኃላፊ?

ባለከረባቱ፦ የመንግሥት ግንኙነት።

ሾፌሩ፦ በሬ ላይ ይጻፋል?

ባለከረባቱ፦ ይጻፋል።

ሾፌሩ፦ በስሜ ካርድ ይታተማል?

ባለከረባቱ፦ መቶ ፍሬ። [ከረባቱን ያወልቃል። አንገቱ የሰው አንገት መሰለው፤ ቀሎታል። ወደ ኋላ ዞሮ ለሾፌሩ ያስርለታል፤ አንዴ ፈትቶ እንደገና፣ ሚስቱ ጠዋት ጠዋት እንደምታደርገው።] እንዲህ ነው። አገጭህን ቀና አድርግ።

ሾፌሩ፦ [ከረባቱን እየዳሰሰ] ጋሼ፣ አዝኜልሃለሁ። በእኔ የተነሳ... ደሞዜስ ስንት ሆነ?

ባለከረባቱ፦ የእኔው ነው። ሃያ አምስት።

ሾፌሩ፦ አበሉ ሳይጨመር?

ባለከረባቱ፦ ኃላፊ አበል የለውም።

ሾፌሩ፦ ባንክ ያሉት እኮ እጥፍ...

ባለከረባቱ፦ ባንክ ይፈራል። ሳሙና አይፈራም።

ሾፌሩ፦ [ከረባቱን ላላ እያደረገ] አንተስ፣ ሾፌር ሁን ሲሉህ ምንም አላልክ?

ባለከረባቱ፦ አንገቴን ደፋሁ። ትንሽ ያዘንኩም መሰልኩላቸው። በዚያው ሐሳባቸውን እንዳይቀይሩ ቶሎ ፈርሜ ወጣሁ። [ሞተሩን ያስነሳል] ዛሬ ጉምሩክ ቀጠሮ አለህ።

ሾፌሩ፦ ታዲያ እንፍጠና!

ባለከረባቱ፦ ምን አስቸኮለን? ተረጋጋ። አግዳሚው የግራ እግሩ ይወዛወዛል ብዬሃለሁ። [በአራት ቀለም የተሰመረበትን ወረቀት አጣጥፎ ይሰጠዋል] ከሥሩ አድርግበት፤ ስድስት ሰዓት ሙሉ ቀጥ ብለህ ትቀመጣለህ።

ሾፌሩ፦ ስድስት ሰዓት? አንተስ?

ባለከረባቱ፦ እኔ ታች ነኝ። ከጎኔ የሚያቆሙትን እተዋወቃለሁ። [መኪናዋ ከግቢው ቀስ ብላ ትወጣለች] ለእህትህም ደውልላት፣ ጠይቋል በላት። ደግሞ አርብ አንድ ፎርም አመጣልሃለሁ።

ሾፌሩ፦ የምን ፎርም?

ባለከረባቱ፦ እንዳታነበው። ዝም ብለህ ፈርም።