ሐጂ አብዱልዋሂድ ያላስረዱት ሥዕል የለም

ሥዕል በዝምታ የሚታይበት አገር ይኖር ይሆናል፤ ሞጣ ግን አይደለም። እንግዳ ገና ደጃፉን ሳይረግጥ "ና ላሳይህ" የሚል አንድ ሰው በየከተማው አይጠፋም። የእኛው ክቡር ሊቀ አስረጂ ሐጂ አብዱልዋሂድ ይባላሉ።

ሐጂን የቀጠራቸው የለም፤ ደመወዝም የላቸውም። የከተማችን የሥዕል ማሳያ ቀድሞ የእሳቸው የጨርቅ መደብር ነበር። እርጅና ሲጫናቸው ቤቱን ለከተማው ለቀቁ፤ ወንበራቸውን ግን አልለቀቁም።

የጨርቅ ነጋዴ ስለነበሩ ሥዕል የሚያዩት በጣታቸው ነው። ይታያል የሚባል የደብረ ወርቅ ሠዓሊ የዓባይን ድልድይ በጉም ውስጥ ሥሎታል። እኔ ገና ጉሙን ሳልጠግብ እሳቸው የሥዕሉን ጠርዝ ይዘው፣ "ድልድዩን ተወውና ጨርቁን ዳስሰው! ወላሂ፣ ይሄ አቡጀዴ ሃያ ዓመት አይበሳም" ይላሉ። ከአናታቸው በላይ "በእጅ መንካት ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። የለጠፉትም ራሳቸው ናቸው። "እሱ ጨርቅ ለማያውቅ ሰው ነው" ባይ ናቸው።

አንድ ጊዜ ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ ቢገቡ የሁሉንም ሥዕል ታሪክ ሳይሰሙ አልወጡም። ድግሱን እንግዶቹ ያለ ሙሽሮቹ በሉት።

ባለፈው ግንቦት ግን ቀልዱ ቀረ። ጎብኚ የለውም ተብሎ ቤቱ የመዝገብ ማከማቻ ሊሆን ነው ተባለ። ስርጉት የምትባል ገምጋሚ ከቢቸና መጣች።

"ሐጂ፣ ሦስት ሥዕል ብቻ አይቼ ልሂድ፤ መኪና ያመልጠኛል" አለች።

"መኪና ሞልቷል ልጄ። መጀመሪያ ይሄ ግድግዳ ማን እንዳሠራው ልንገርሽ…"

ማለዳ የገባችው ሴት ከቀትር በኋላም ገና አራተኛው ሥዕል ላይ ነበረች። ሐጂ ለሶላት ወጣ ሲሉ፣ አብሬ ስሰማ ወደዋልኩት ወደ እኔ ጠጋ አለች።

"ቤቱ ቢዘጋ እኚህ ሰው ምን ይሆናሉ?"

"ምን ይሆናሉ፤ እናንተ ቢሮ እየመጡ ያስረዷችኋል እንጂ።"

ትንሽ አሰበችና ቅጹ ላይ "ክፍት ሆኖ ይቀጥል" ብላ ጻፈች።

ይህን እያወራሁ ሰው አስቃለሁ። ለስርጉት ያልነገርኳት ግን አለ። ያን ዕለት የፈራሁት ለሥዕሎቹ አልነበረም፤ ሥዕል ሌላ ግድግዳ አያጣም። የፈራሁት ለሐጂ ነበር፤ ለራሴም ጭምር። ሰውዬውን እወዳቸዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጉንፋን ይዟቸው ቀሩ። ስመኘው የኖርኩትን ዝምታ አገኘሁና ብቻዬን ገባሁ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየሁም፤ ወጥቼ በቀጥታ ቤታቸው ሄድኩ።

"ሐጂ፣ የዛሬውን ሳያስረዱኝ ቀሩ እኮ" አልኳቸው።

እያሳሉ ከአልጋቸው ቀና ብለው ተቀመጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠርገውም ጀመሩ። እኔም እንዳይጨርሱብኝ እየሰጋሁ አዳመጥኩ።