የሎፔዝ ልጆች እና ጋሽ ይሄይስ

በየከተማው ሰውን ሳያዛምድ የማያድር አንድ ሰው አለ። በደብረ ማርቆስ ይህን ሥራ ያለ ደመወዝ የያዙት የቀድሞው የእህል ነጋዴ፣ ክቡር ጋሽ ይሄይስ ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ታየች ካረፉ ወዲህ ከምሳ በኋላ ቤታቸው መቀመጥ አልሆነላቸውም፤ ስለዚህ ጎረቤታቸው ሃኒ በከፈተችው ጌም ቤት፣ በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ይሰየማሉ። የገባውን ሁሉ የሚጠይቁት ያንኑ ነው፤ «አባትህ ማን ይባላል? አገሩስ?»

ደንበኞቹን ጠይቀው ሲጨርሱ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ።

«ይኼ ደግሞ ማነው?» አሉ አንድ ቀን፣ ድረስ የተባለው የባጃጅ ሹፌር የሚጫወትበትን ቦክሰኛ እያዩ።

«ሰርጌይ ታናካ ይባላል ጋሼ። ብራዚላዊ ነው።»

ጋሽ ይሄይስ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ታናካ፣ አባቱ፣ የጃፓን ሰው ነው። እሺ፣ ብራዚል ገብቶ ወለደ እንበል። ልጁን ሰርጌይ ያለው ማነው?» ጥቂት አሰቡ። «የክርስትና አባቱ ሩሲያዊ ነው። ሌላ መንገድ የለውም።»

ውሳኔው እስኪሰጥ ሰርጌይ ተዘርሮ ነበር።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ዲዬጎ ሎፔዝ እና ኒና ሎፔዝ ሊጋጠሙ ሲሉ ብድግ ብለው ስክሪኑን በጋቢያቸው ጋረዱት።

«እህትና ወንድም ናቸው! ሁለቱም የሎፔዝ ልጆች ናቸው። ይልቅ ሽማግሌ ይግባ!»

«ኧረ ጋሼ፣ እሱ የስፔን፣ እሷ የፊሊፒንስ ናት» አለ ድረስ።

«ሎፔዝ ነጋዴ ይሆናላ። ነጋዴ በደረሰበት ይወልዳል።»

«እርስዎስ ጋሼ፣ እህል ሲነግዱ እስከ የት ደርሰው ነበር?»

ጋሽ ይሄይስ «ተጫወት» ብለው ተቀመጡ።

ሃኒ ከሰው ጋር ትስቃለች፤ ግን ቤቱን ከተከራየች ጀምሮ የራሷን ተራ ስትጠብቅ ኖራለች። እናቷ የዚሁ አገር፣ የዲማ ሰው ናት። አባቷ ግን ቶሎሳ ይባላል፣ የነቀምት ሰው ነው። ይህን ስም ሲሰማ ዝም የሚል ሰው አጋጥሟታል፤ ከእንዲህ ያለ ዝምታ በኋላ ቤት ልቀቂ ተብላም ታውቃለች። ስለዚህ እዚህ ሃኒ ብቻ ናት። ጋሽ ይሄይስ ሁሉን ጠይቀው እሷን መዝለላቸው ደግሞ ከጥያቄው ይበልጥ ያስጨንቃት ጀመር። ሰምተው ይሆን?

ባለፈው ሐሙስ ስክሪኑ ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ የለበሰ ተፋላሚ ወጣ። ስሙ ዙሪ ኦካፎር ነው።

«ይኼማ የኛ አይደለም» አለ ድረስ። «ስሙ ያስታውቃል።»

ሃኒ ጆይስቲኩን ስትጠርግ እጇ ቆመ።

«ባንዲራህን ለብሶ ባንተ ፋንታ እየተደበደበ የኛ አይደለም ትለዋለህ?» አሉ ጋሽ ይሄይስ። «እናቱን ጠይቀሃል? የደምበጫ ብትሆንስ?»

«እኔንስ ጋሼ?» አለች ሃኒ ሳታስበው። «እኔን ለምን አይጠይቁኝም?»

ጋሽ ይሄይስ ቆጣ አሉ። «ቤትሽ ገብቼ፣ አግዳሚሽ ላይ ተቀምጬ፣ ባለቤቷን አገርሽ የት ነው ልበል? እንዲህ ያልተቀጣሁ መሰልኩሽ?»

«አባቴ ቶሎሳ ይባላል።»

ዝምታውን ጠበቀች።

«የቶሎሳስ አባት?» አሉ ወዲያው፣ ወደ እሷ ጠጋ ብለው።

«ፉፋ።»

«የፉፋስ?»

ሃኒ አባቷ በልጅነቷ እንዳስጠናት፣ ሳታቋርጥ እስከ ሰባተኛው ቤት ቆጠረች።

ጋሽ ይሄይስ በደስታ ጭናቸውን መቱና ወደ ድረስ ዞሩ።

«ሰማህ? አንተ እኮ ሦስተኛው ላይ ነው እናቴን ልጠይቅ ያልከኝ።»