የከሳሽ ስም በምስጢር ይጠበቃል

እኛ ሰዎች ወረቀት ላይ ጀግኖች ነን። ብዕር ከጨበጥን ሚኒስትር እናወርዳለን። ሰውየው ፊታችን ሲቀመጥ ግን «እናትህ ደህና ናቸው?» ከማለት አናልፍም። ሌላ ሰው የማማ እንዳይመስላችሁ፤ ራሴን ነው።

የልጅ ልጄ ፌቨን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤተክርስቲያናችን ምድር ቤት ውስጥ አማርኛ ትማራለች። አስተማሪዋ ሲሳይ አገር ቤት ያስተምር የነበረው ስፖርት ነው። ልጆቹ ሲሮጡ ብታዩ ለኦሎምፒክ ነው! ፊደሉ ግን ፈቀቅ አይልም። ለምን ቢሉ፣ በየሳምንቱ አዲስ ልጅ ይመጣል፤ አዲስ ልጅ በመጣ ቁጥር ሲሳይ «እንግዲህ ሁላችንም ከሀ!» ይላል። ፌቨን በሁለት ዓመት ለ ላይ ደረሰች። ፈ ደግሞ የት እንዳለች ታውቃላችሁ፤ ገበታው ግርጌ፣ ልትወድቅ ትንሽ ሲቀራት። በዚህ አካሄድ ልጅቷ ስሟን የምትጽፈው ስታገባ ነው ብዬ ተንገበገብኩ።

የቅዳሜ አስተማሪዎች ማኅበር አለ፣ ቢሮው ከእኛ ራቅ ብሎ አሌክሳንድሪያ የሚባል ከተማ። ስለ አስተማሪ ብቃት አቤቱታ የሚቀበልበት ፎርም ኦንላይን አለው። እኔ እየነገርኳት ልጄ ሞላችው። «ማሚ፣ የአገር ጠላት የሚለውን ላውጣው?» አለችኝ። ቅር እያለኝ አውጪው አልኩ። ከታች «የከሳሽ ስም በምስጢር ይጠበቃል» ይላል። ይኼን ስሰማ አንድ ገጽ አስጨመርኩ።

ማኅበሩ ታዛቢ ላከ። የምትመጣበትን ቀን ግን ከሁለት ሳምንት በፊት ለሲሳይ ነግሮት ነው፤ እንግዳ ናት እንጂ ሌባ አይደለችማ! ታዛቢዋም ተማሪዎቹ ሀን አሳምረው ያውቃሉ ብላ ጻፈች። ሁለት ዓመት ሀ ያለ ልጅ እንዴት አያውቅ?

ቀጥሎ አሌክሳንድሪያ ስብሰባ ተጠራ፤ እኔም ምስክር ተብዬ ተጠራሁ። ልጄ ሥራ ነበራት። ማን ያድርሰኝ እያልኩ ስልኬ ጮኸ። ሲሳይ ነው። «እማማ የሺ፣ ሊመሰክሩልኝ ነው አሉ፤ እኔ እወስድዎታለሁ።»

ምን ልበል? ገባሁ። ቤልትዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና ተዘጋግቶ ከከሰስኩት ሰው ጋር ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ። (ልጄ አርባ ደቂቃ ነው ትላለች፤ እሷ መቼ ነበረችበት?) መንገድ ላይ ወርዶ ሻይ ገዛልኝ። «የከሰሰኝ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ እግዜር ይቅር ይበለው» አለኝ። እኔም አሜን አልኩ፣ ለራሴ ነው። ከዚያ ለምን ሁልጊዜ ከሀ እንደሚጀምር አጫወተኝ። እዚህ አገር የመጣ ሰሞን እንግሊዝኛ ክፍል ትምህርቱ ከተጋመሰ በኋላ ገብቶ፣ ሰው ሁሉ ሲስቅ እሱ ሳይገባው አብሮ ይስቅ ነበር። «አዲስ ልጅ እንደዚያ እንዲስቅ አልፈልግም፣ እማማ።» ሻዩን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት።

ስብሰባው ላይ ስለ ብቃቱ ምን ይላሉ ሲሉኝ፣ አፌ ምን ቢል ጥሩ ነው? እንደ ሲሳይ ያለ አስተማሪ ገና አልተወለደም! ሊቀመንበሯ አቤቱታዬን ከነስሜ ፊቷ ዘርግታ፣ ከመነጽሯ በላይ ትክ ብላ አየችኝ። ተመካክረው ሲሳይ አይባረር፣ ረዳት ይመደብለት አሉ። ረዳቷስ? እኔ። ቅጣት ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ሲሳይ አዲሶቹን ከሀ ያስጀምራል፤ እኔ ነባሮቹን ይዤ ከገበታው ግርጌ ወደ ላይ እወጣለሁ። በሁለተኛው ቅዳሜ ፌቨን ፌን ጻፈች፤ የቀሩትን ሁለት ፊደላት በጓሮ በር አሳየኋት። ስሟ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ሀና የምትባል አዲስ ልጅ ብቻ ከፌቨን አልለይም ብላ እኔ ጋ ቀረች። ልጆቹ ሲስቁ አብራ ትስቃለች። ጎበዝ ልጅ ናት አልኩ።

ባለፈው ሳምንት ከማኅበሩ ደብዳቤ መጣልኝ። የረዳቷ ብቃት ያጠራጥራል፣ ከመጨረሻ ነው የሚጀምሩት፣ በዚህ አካሄድ ልጄ ስሟን የምትጽፈው ስታገባ ነው የሚል አቤቱታ ቀርቧል፤ አሌክሳንድሪያ ይምጡ። የከሳሽ ስም በምስጢር ይጠበቃል።

ትናንት የሀና እናት ደወለችልኝ። «እማማ የሺ፣ እኔም አሌክሳንድሪያ ጉዳይ አለኝ፤ ልውሰድዎት?»

«ውሰጂኝ የኔ ልጅ» አልኳት፣ «ሻዩን እኔ ነኝ የምገዛው።»