የተሸለመው ሳል

ለራዲዮም ሽልማት አለው ለካ! እኔ ያወቅሁት በቀደም ነው።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ሞባይል የምጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። አንድ ደንበኛዬ ስልኩ እስኪሠራለት በእኔ ስልክ የሽልማቱን ሥርዓት ከፍቶ ያይ ነበር። በየዓመቱ የሚደረግ ነው አለኝ። ምርጥ ድምፅ፣ ምርጥ ቅንብር፣ ምርጥ ፖድካስት። ፖድካስት ምን እንደሆነ ያልገባው ካለ አይፈር፤ እኔም አልገባኝም ነበር። ያው ራዲዮ ነው፤ ሰዓቱን ግን አንተ አትጠብቀውም፣ እሱ ይጠብቅሃል። ሰዎቹ ከረባት አስረዋል። ስማቸው ሲጠራ ይወጣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ እናታቸውን ያመሰግናሉ። መልካም ነው። ፈረስ ይሸለም የለም? ሯጭ ይሸለም የለም? አፍ ለምን ይቅርበት?

የተናጋሪው ይሁን። ለአድማጭስ?

እኔ በወጣትነቴ ራዲዮ መስማት ራሱ ሥራ ነበር። ባሱንዳ አካባቢ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ሳለን ለአርባ ሰው አንዲት ራዲዮ ነበረችን። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። ካልነቃ በጥርስ እንነክሰዋለን። አሁን ከፊት ሁለት ጥርስ የለኝም። በባትሪ አይደለም። በምን እንደሆነ አልናገርም።

እዚያ ፈንታሁን የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። የጭልጋ ልጅ። አገሩ አንድ በሬ ነበረው፤ ዳልቻ። አንድ በሬ ደግሞ ምን ያርሳል? ሁለተኛውን ሊገዛ ነው ሱዳን የገባው። ሳል ነበረበት። ሦስት ጊዜ አጭር አጭር፣ ከዚያ አንድ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ እንደ ፉጨት። ወኪሉ፣ የእርሻው አለቃ ማለት ነው፣ ፈንታሁንን ሲፈልግ አይጣራም ነበር። ጆሮውን ብቻ ይቀስራል።

አንድ ቀን ከመንደሩ አዲስ ሰው መጣ። ፈንታሁንን ሲያይ ሦስት ጊዜ አማተበና እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። ለካ ሌላ ፈንታሁን፣ ሌላ እርሻ ላይ፣ በትኩሳት ሞቶ ኖሯል። አገር የገባ አንድ ሰው የእኛው መስሎት መርዶ ነግሯል።

«ሰውዬ፣ እኔ እኮ አልቅሼልሃለሁ» አለው።

«ማን አልቅስ አለህ?»

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ሙልጭ አድርጌ ነው የጨረስሁት። እንባዬን መልስልኝ!»

ሳቅን። ሳቁ ግን አልቆየም። ሰውዬው ቀጠለና፣ ተዝካሩ ሊወጣ አንድ ወር እንደቀረው፣ እናቱ እማማ አልጋነሽም ዳልቻን ሊያሳርዱ እንደቆረጡ ነገረን። ፈንታሁን ማጭዱን አስቀምጦ ቁጭ አለ። ለራሱ ተዝካር የራሱ በሬ!

ታዲያ ለምን አልሄደም ትለኝ ይሆናል። አጨዳው ሳያልቅ ወኪሉ ወረቀት አይሰጥም። ያለ ወረቀት ደግሞ መንገዱ ላይ ከሻ አለ፤ የፖሊስ አፈሳ ነው። ያኔ መንደራቸው ስልክ አልገባም።

በዚያው ሰሞን አንዲት የራዲዮ ጋዜጠኛ መጣች። ጠጉር የለበሰ ማይክሮፎን ይዛለች። እኛ ራዲዮ የምናውቀው በሰላምታ ፕሮግራም ነው። ስምህን ትናገራለህ፣ የአባትህን፣ ደብርህን፤ ደህና ነኝ ትላለህ፤ ይደርሳል። ጋዜጠኛ ማለት ለእኛ መልእክት አድራሽ ነበር። እግዜር ላካት አልን። ሰሊጡን እያጨድን ፈንታሁን የሚናገረውን አዘጋጀንለት። አንዱ የአያትህን ስም ጨምር አለው። ሌላው ሌላ ፈንታሁን እንዳይመስላቸው የክርስትና ስምህን ጥራ አለው። አልቃሹ ሰውዬ ደግሞ የእኔንም ስም ጥራ፣ ምስክር ነኝ አለ።

ማይክሮፎኑ ሲቀርብለት ፈንታሁን ቀጥ ብሎ ቆመ። «እኔ ፈንታሁን አያሌው ተገኘ፣ የክርስትና ስሜ ወልደ ሚካኤል፣ በሕይወት አለሁ። እማ፣ ዳልቻን እንዳታሳርጂው።»

እሷ በትዕግሥት ሰማችው። «እስቲ ስለ ችግራችሁ ንገረኝ፣ ወንድሜ» አለችው።

«ምን ችግር አለ? ኩሉ ተማም! ሁሉ ደህና ነው።» እናቱ ይሰሙታላ!

«ትናንት ምን በላህ?»

ዝም አለ። የበላነውን እኔ አውቃለሁ። ለእናት የሚነገር አልነበረም። ዝምታው ረዘመ። ከዚያ ሳሉ መጣበት።

ፕሮግራሙ የተላለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ድንጋዩን ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ አሙቀነዋል። አርባ ሰው አንዲት ራዲዮ ከበበ። መጀመሪያ ነፋስ ተሰማ። ከዚያ የማጭድ ድምፅ። ከዚያ የእሷ ድምፅ፣ «ትናንት ምን በላህ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ያ ረጅም ዝምታ። ከዚያ ሳሉ፤ ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ፉጨት። «ለደኅንነቱ ሲባል ስሙን አንገልጽም» አለች። ዘፈን ገባ።

ስሙ የለም። አያቱ የሉም። ዳልቻም የለም።

በኋላ አልቃሹ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገና «ፈንታ፣ ሳልህ ግን ጥሩ ወጥቷል» አለው።

ልጅቱን አልወቅሳትም። ስሙ ቢነገር ፖሊስ ያገኘው ነበር። ልክ ነበረች። ዳልቻም የታረደው ልክ በሆነ ሰው ነው።

ቀሪውን የነገረኝ ራሱ ፈንታሁን ነው። እናቱ ፕሮግራሙን ጎረቤት ቤት ሰምተውት ኖሯል። ሳሉ ሲመጣ ብድግ ብለው «ልጄ ነው! አለ!» ብለው ጮኹ። አገር ተሰበሰበ። የመንደሩ ሰው ሐዘን ጆሮ ያስታል አለ። ቄሱም በትሕትና፣ ሳል እኮ የክርስትና ስም የለውም አሏቸው። ደግሞስ ጠላው ተጠምቋል፣ ሰው ተጠርቷል። የተጠመቀ ጠላ ለሳል ተብሎ ይደፋል? ዳልቻ ቅዳሜ ታረደ።

ፈንታሁን አጨዳው አልቆ፣ በገላባት ተሻግሮ ቤቱ የደረሰው ከተዝካሩ በኋላ በዘጠነኛው ቀን ነው። እናቱ አንገቱን ይዘው አለቀሱ። ጎረቤቶቹ የሚሉት ቢጠፋቸው በሬውን አመሰገኑለት። ሥጋው ጮማ ነበር አሉት። መኝታ ተነጠፈለት። የዳልቻ ቆዳ ነበር።

በክረምቱ ተመልሶ ባሱንዳ መጣ። አሁን የሚያስፈልገው ሁለት በሬ ነበር። ሳሉ ብሶበታል። አጨዳው ሳይጋመስ ማሳው ጸጥ አለ። ወኪሉ ጆሮውን ቢቀስር ምንም አልሰማም። የቀበርነው ሦስት ሆነን ነው። ከዚህ በላይ አልልም።

መርዶውን እኔ ይዤ ሄድሁ። ማን ይመነኝ? የፊተኛውም እንዲሁ ብሎ ነበር አሉኝ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ለአንድ ሰው ሁለት ተዝካር አይወጣም አሉ፤ የሚታረድም የለም። እማማ አልጋነሽ አንዲት እንባ አላፈሰሱም። ምሳ አቅርበውልኝ፣ ብላ ልጄ፣ መንገድ ደክሞህ ነው አሉኝ። በላሁ። ምን ላድርግ? ኋላ መንደራቸው ስልክ ሲገባ ቁጥሬን ላክሁላቸው። በዓመት በዓል ይደውላሉ። ስለ እሱ አንነጋገርም።

ወደ ሽልማቱ ልመለስ። በመጨረሻ አንዲት ሴት ተጠራች። ጠጉሯ ሸብቷል። ለረጅም ዘመን ሥራዋ ነው የተሸለመችው። ከሥራዎቿ ሁሉ ምርጡ ይኸው ብለው ጥቂት አሰሙ። ነፋስ። ማጭድ። ዝምታ። ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ፉጨት።

መፍቻው ከእጄ ወደቀ። ዳኞቹ፣ ይህ ከቃል በላይ የሚናገር ዝምታ ነው አሉ። አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ደንበኛዬ ፊቱን አጨማደደና «ወላሂ፣ የሰውዬው ሳል ጤና የለውም» አለ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የፈንታሁን ስሙ ቀርቶ ሳሉ ዋለ።

ጭብጨባው ሳያልቅ ስልኬ እዚያው ደንበኛዬ እጅ ላይ ጮኸ። ተቀበልሁት። እማማ አልጋነሽ ናቸው። ለካ ሥርዓቱ በራዲዮም ይተላለፍ ኖሯል።

«ሰማኸው?» አሉኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

«ሰማሁት፣ እማማ።»

«ሞተ ብለኸኝ አልነበር? አለ! ያኔም ብያቸዋለሁ፤ ማን ሰማኝ? እኔ የልጄን ሳል አጣዋለሁ?»

ያኔ እውነት ሲናገሩ ያመናቸው ሰው አልነበረም። ዛሬ ተሳስተዋል፤ ትክክል ቢሆኑ የምወድደው እኔ ነኝ። ሞቷል ልበላቸው? አንድ ጊዜ ብያለሁ። አለ ልበላቸው? ነገ ስጠው ስልኩን ቢሉኝስ?

«ዛሬም አልለቀቀው ሳሉ» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «እንዲያው ልጄ፣ ምን እየበላ ይሆን?»

ዝም አልሁ። ረጅም፣ ጥሩ ዝምታ ነበር። የቀዳው ግን የለም።