ምድጃ አይተው የማያልፉት እትዬ ዕንቁ

ግቢ ተከራይቶ የኖረ ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው ያውቃል። የራሱን ቤት አጽድቶ ሲጨርስ እጁን የሚበላው፣ ሊጠይቅህ ገብቶ መቀመጫ ሳይሆን መፈግፈጊያ የሚጠይቅህ ሰው ማለቴ ነው። በአገራችን እንዲህ ዓይነት ሰው ሳይኖርበት የቆመ ግቢ የለም፤ ከእሱ ጋር ደግሞ አርፎ የተቀመጠ ግቢ የለም።

ለእኛ የወረታ ግቢ የደረሱን ክብርት እትዬ ዕንቁ ናቸው። የታወቁ የሩዝ ነጋዴ፣ የማኅበር ሙሴ፣ በእኔ ሹመት ደግሞ የምድጃዎች ሁሉ ጠቅላይ መርማሪ። ቤታቸው ሠራተኛ ሞልቶ ምድጃቸውን ግን ማንም አይነካባቸውም። እሱን በማለዳ ጨርሰው ወደ እኛ ይዘምታሉ። የነጠላቸው ጫፍ ላይ ሁልጊዜ ለመፈግፈጊያ የሚሆን የሩዝ ገለባ አመድ ተቋጥሯል፤ ለቅሶ ቤት ሲሄዱ እንኳ አይፈቱትም።

የኤሌክትሪክ ምድጃችን ላይ ጎንበስ ይሉና ያረረውን በጥፍራቸው ጫር አድርገው «ይሄ የዛሬ አይደለም» ይላሉ። ቀጥሎ ዘመኑን ያስታውቃሉ። «ይሄ ሽሮ ነው፤ የሁዳዴ። ከሥሩ ያለው ወተት ነው፤ የቅበላ።» ተከራይዋ አስተማሪ ሔለን ከባሏ ጋር መኳረፏን ግቢው የሰማው ከእሳቸው ነው። «ሁለት ሰው ቆሞ እያየው ወተት እንዲህ የሚያርረው ተኳርፈው ‹አንቺ አውጪው፣ አንተ አውጣው› ሲባባሉ ነው» አሉ። ልክ ነበሩ። እርቁንም እሳቸው ያወረዱት እዚያው ምድጃው ሥር ተንበርክከው እየፈገፈጉ ነው።

እኔ ከአዲስ አበባ ተዛውሬ የመጣሁ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። የፎገራ አዲስ ሩዝ ሲፈላ ክዳን እንደማይወድ ማን ነግሮኝ? ከደንኩት፤ አረፋው ክዳኑን አንስቶ ወጣ፤ ምድጃዬን አለበሰው። መጀመሪያ ነጭ ቅርፊት ሆነ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ጥቁር። በማግስቱም ከደንኩት። እትዬ ዕንቁ ያንን ምድጃ መጀመሪያ ያዩት ቀን ነጠላቸውን አደግድገው ተንበረከኩ። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ማገንፈል እንጂ መፈግፈግ አላውቅም።

እንዲህ ስንኖር፣ ፍቅረኛዬን ቤዛን ላገባ ሐሙሲት ወደሚኖሩት ወላጆቿ ሽማግሌ ላክሁ። «አስበን እናሳውቃለን» ተባለ። ጥቂት ቆይቶ የቤዛ እናት፣ ወይዘሮ እናትነሽ፣ «ይፋግ ገበያ ስሄድ እግረ መንገዴን ብቅ እላለሁ» ብለው ላኩብኝ። የእናት እግረ መንገድ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የቤዛ ነገር የሚቆረጠው ያን ቀን ነው።

እትዬ ዕንቁ ይህን ሲሰሙ ከንግዳቸው ቀሩ። ምድጃዬን በአመድ፣ በሎሚ፣ በፍል ውሃ አጠቁት። «ይሄ የዛሬ አይደለም፤ ያንተም አይደለም፤ ካንተ በፊት የነበረው ተከራይ ያሳረረው ነው» እያሉ ታችኛው ዘመን ድረስ ወረዱ። ሲጨርሱ ፊቴን አየሁበት። እሳቸውም እንግዳዋን ሊቀበሉ ልብስ ቀይረው መጥተው ጥግ ላይ ተቀመጡ።

ወይዘሮ እናትነሽ ገቡ፣ ሰላም አሉን፣ በቀጥታ ወደ ምድጃው ሄዱ። በጣታቸው ዳሰሱት። ጣታቸውን አዩ። ፊታቸው ጠቆረ።

«ማን ናት?» አሉኝ።

«ማን፣ እማማ?»

«ይህን የምታጸዳልህ። ብቻውን የሚኖር ወንድ ምድጃ እንዲህ አያበራም።»

እትዬ ዕንቁ ደንግጠው ተነሡ። «ኧረ እኔ ነኝ እመቤቴ። ጎረቤቱ ነኝ።»

«እንግዲያማ የባሰ ነው» አሉ ወይዘሮ እናትነሽ። «ልጄ መጥታ የእርስዎን ቦታ ልትረከብ ነው? በሉ እርስዎ ይቀመጡልኝ። አንተ ደግሞ አብስል፤ ያበሰልክበትንም አጽዳ። ልይህ።»

ሩዝ ጣድኩ። ከድንጋጤ ብዛት ከደንኩት።

እትዬ ዕንቁ ክዳኑን ሲያዩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አረፋው ሽቅብ ወጣ፣ በአራቱም ማዕዘን ወረደ፣ ቤቱ ማረር ማረር ሸተተ። እትዬ ዕንቁ ብድግ አሉ። መልሰው ተቀመጡ። ሁለት እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ጠቅልለው ጭናቸው መሀል አስገቡ። ምድጃው እስኪበርድ ጠብቄ መፈግፈግ ስጀምር ከኋላዬ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ደረቁን ሳላርስ ስፍቅ «ውይ» አሉ በቀስታ። ቆሻሻውን ካንዱ ጎን ወደ ሌላው ስነዳ ግንባራቸው ላብ አወጣ። ዳግመኛ ግን አልተነሡም፤ ቢነሡ ቤዛን እንደማጣ ያውቃሉ።

ላቤ እስኪንጠባጠብ ፈገፈግሁ። ወይዘሮ እናትነሽ ጠጋ ብለው አዩት። ዙሪያውን ቡናማ ቅርፊት ቀርቷል።

«ሥራውስ አያምርም» አሉ፤ ሳቃቸው መጣ። «ልጁ ግን ከሥራ አይሸሽም። በል፣ እሑድ ሽማግሌዎቹ ይምጡ።» ያረረውን ሩዝ ቀምሰው፣ ጨው ያንሰዋል ብለው፣ መርቀውን ወደ ገበያቸው ሄዱ።

እንግዳዬን መንገድ ድረስ ሸኝቼ ስመለስ እትዬ ዕንቁ እዚያው ጥጉ ላይ ናቸው፤ እጃቸው አሁንም ነጠላው ውስጥ ነው። ያረረ ነገር እያዩ መቀመጥ ለእሳቸው ምን ያህል ሥቃይ እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። የዚያን ሰዓት እንደ እናቴ ወደድኳቸው።

«እትዬ፣ ሄደዋል እኮ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ። እንደው እጄን ባላምነው ነው።»

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ነው እጃቸው የወጣው። አንገቴን አቅፈው በደስታ አለቀሱ፤ ዓይናቸው ግን በትከሻዬ ላይ አሻግሮ የቀረውን ቅርፊት ያያል።